አገር መጐብኘትና ዘመድ መጠየቅ

አማርኛ ቋንቋችን ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድበትን ጉዳይ በሁለት ቃላት ለይቶ ይናገራል። ሰው ወደ ሩቅ ስፍራ ሄዶ ተራራውን፣ ባሕሩንና የጥንቱን ሕንጻ ተመልክቶ ሲመለስ «አገር ጐበኘ» ይባላል፤ ወደ እናቱ ወይም ወደ አጎቱ ቤት ሄዶ ደኅንነታቸውን ተረድቶ ሲመለስ ግን «ዘመድ ጠየቀ» ይባላል። በግእዝ ሐወጸ የሚለው ግስ ማየትንም፣ መጐብኘትንም፣ መጠየቅንም በአንድነት ይዞ ሲገኝ፣ የአማርኛው ልማድ ግን መጐብኘትን ለአገር፣ መጠየቅን ለዘመድ ሰጥቶ ለያቸው። አባቶቻችን በዕለት ንግግራቸው የለዩትን ይህን ነገር እኛም በኑሯችን ልንለየው ይገባናልን? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን መመርመር ነው።

መጠየቅ ማለት አስቀድሞ የማያውቁትን ነገር ለማወቅ መሻት ነው። አገር ለሚጐበኝ ሰው የሚያይ ዓይንና የሚሄድ እግር ይበቃዋል፤ ዘመድ ለሚጠይቅ ሰው ግን ከዚህ በላይ የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ ልብ ያስፈልገዋል። ተራራ ጐብኚው ቢዘገይበት አይናፍቅም፤ ፏፏቴም ተመልካች ቢቀርበት አያዝንም። እናት ግን ቀን ትቈጥራለች። ስለዚህ በአገርና በጐብኚው መካከል ዕዳ የለም፤ በዘመድና በጠያቂው መካከል ግን በገንዘብ የማይከፈል የፍቅር ዕዳ አለ።

በዘመናችን የመንገድ ነገር እጅግ ቀሊል ሆኗል። በቀድሞ ዘመን ከአገራችን ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ ሰው በረሃውንና ባሕሩን ለመሻገር ወራት ይፈጅበት ስለ ነበር፣ ከዘመዶቹ የሚሰናበተው ምናልባት ዳግመኛ እንደማያያቸው አስቦ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ በወራት ይቈጠር የነበረው መንገድ በሰዓታት ይቈጠራል። በዚህም ምክንያት በልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ለጊዜው አቁመው፣ አንዳንዶቹ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ሌሎቹም ሥራቸውን በኮምፒዩተር ካሉበት ሆነው እየሠሩ፣ ግማሽ ዓመት ወይም ዓመት ሙሉ በጉዞ ያሳልፋሉ። አንዱን ወር ተራራ ሲወጡ፣ ሌላውን ወር በባሕር ዳርቻ ወይም በበረሃ ሲዘዋወሩ ይቆዩና በመካከሉ ወደ ዘመዶቻቸው ቤት ጎራ ይላሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜንን ተራሮች ለማየት ይሄዳሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመጀመሪያ ከተመዘገቡት መካከል ስለ ሆኑ መታየት የሚገባቸው ናቸው። አያታቸውንና አክስታቸውንም በዚያው ጉዞ መካከል ያዩአቸዋል።

እንግዲህ ሕሊና የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው። በሁለት ጉዞዎች መካከል የሚደረግ እንዲህ ያለ አገባብ በእውነት ዘመድ መጠየቅ ነውን፣ ወይስ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚደረግ ዕረፍት ነው? መንገደኛው ደክሞ ይደርሳል፤ ልብሱን ያሳጥባል፤ ጠግቦ ይተኛል፤ በስልኩ ያነሣውን ሥዕል ለቤተ ሰቡ ያሳያል፤ ስለ ሄደበት አገር ይተርካል፤ በሦስተኛውም ቀን ዕቃውን አስተካክሎ ይነሣል። የቤቱ ሰዎች ስለ እርሱ ብዙ አወቁ፤ እርሱ ግን ስለ እነርሱ ምን አወቀ? አባቱ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ፣ እኅቱ ከባልዋ ጋር እንዳልተስማማች፣ የጐረቤት ሽማግሌው እንደ ሞተ ሳያውቅ ቢሄድ ዘመዶቹን ጐበኘ እንጂ ጠየቀ ሊባል አይችልም።

ይህን ስንል መጓዝን ራሱን መንቀፋችን አይደለም። አብርሃም ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ እንዲወጣ የታዘዘ መንገደኛ ነበር። ከሮም ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥታ እ.ኤ.አ. ከ381 እስከ 384 ዓ.ም. በሚገመተው ጊዜ ግብፅን፣ ሲናንና ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤጌርያ የምትባለው ሴት ለዓመታት ስትጓዝ ኖራለች። እርስዋ ግን ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ በአገርዋ ለቀሩት እኅቶችዋ ትጽፍላቸው ስለ ነበር፣ አካልዋ ቢርቅም ልብዋ ከእነርሱ አልተለየም። ጽሕፈትዋም ብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖሮ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር ተገኝቶ እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለዚህ የጉዞ መልካምነትና ክፋት በመንገዱ ርዝመት አይለካም፤ መንገደኛው በኋላው የቀሩትን ሰዎች በልቡ እንዴት አድርጎ እንደ ያዛቸው ይለካል እንጂ።

ስለዚህ ነገር ከመጽሐፈ ጦቢት የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጦቢት በነነዌ ዓይኑ ታውሮ፣ ደህይቶ ሳለ፣ በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ በአደራ ያስቀመጠውን ዐሥር መክሊት ብር እንዲያመጣለት ልጁን ጦብያን ላከው። ለወጣቱ ጦብያ ይህ ጉዞ ድንቅ ነገር የሞላበት ነበር። ቅዱስ ሩፋኤል በሰው አምሳል አብሮት ሄደ፤ ውሻውም ተከተላቸው፤ በጤግሮስ ወንዝ ሊውጠው የመጣውን ዓሣ ያዘ፤ በራጉኤል ቤትም ሣራን አገባ፤ ዐሥራ አራት ቀንም የሰርግ ግብዣ ተደረገለት። ነገር ግን መጽሐፉ በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ወደ ነነዌ ይመልሰንና አባቱ ቀኑን አንድ በአንድ ሲቈጥር፣ እናቱ ሐና ደግሞ ልጅዋ በሄደበት መንገድ ዕለት ዕለት እየወጣች ስትመለከትና ስታለቅስ ያሳየናል። በአንድ ቤት የሰርግ ዘፈን ሲሰማ በሌላው ቤት ልቅሶ ነበር፤ የሁለቱም ምክንያት ያው አንድ ልጅ ነበር።

የጦብያ መልካምነት በዚህ ላይ ይታያል። በደስታው መካከል ሆኖ አባቱ ቀን እንደሚቈጥር አልዘነጋም። ጊዜ እንዳይጠፋ ገንዘቡን ወደሚያመጣበት ስፍራ ሩፋኤልን ላከ፤ የሰርጉም ቀን በተፈጸመ ጊዜ አማቱ ሊያቆየው ቢለምነው አባትና እናቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብሎ ለመሄድ ቸኰለ። ከዚህም በላይ በመንገድ ከያዘው ዓሣ የወሰደውን ሐሞት ይዞ መጥቶ በአባቱ ዓይን ላይ አደረገው፤ አባቱም አየ። ከጉዞው ያመጣው ነገር ወሬ ብቻ አልነበረም፤ በቤት ለቀረው ሰው መድኃኒት ነበር። መንገደኛ ሁሉ ሐሞተ ዓሣ ባያገኝም፣ ከሄደበት አገር ለቤቱ የሚጠቅም ምን ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ማሰብ ግን ይችላል።

ቀን የሚቈጥሩ ወላጆች ግን ሁሉም የጦቢትንና የሐናን ደስታ አላገኙም። የሞሮኮ ተወላጅ የሆነው ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ዓ.ም. በ21 ዓመት ዕድሜው ከታንጀር ከተማ ተነሥቶ ለሃይማኖቱ ሥርዓት ወደ መካ ሄደ። ሲወጣ አባቱና እናቱ በሕይወት እንደ ነበሩና መለያየቱ ለእርሱም ለእነርሱም እንደ ከበደ ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን መካ ደርሶ አልተመለሰም፤ የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ፣ ሕንድንና ሌላውንም ብዙ አገር ሲዞር 24 ዓመት ያህል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1348 ዓ.ም. ደማስቆ በደረሰ ጊዜ አባቱ ከ15 ዓመት በፊት እንደ ሞተ ሰማ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ሲቃረብ ደግሞ እናቱ በዚያ ዘመን ብዙ ሕዝብ በፈጀው ወረርሽኝ ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደ ሞተች ተነገረው። ታንጀር ገብቶም የጠየቀው መቃብርዋን ነው።

ይህን ሰው እንወቅሰው ዘንድ አናነሣውም። እ.ኤ.አ. በ1355 ዓ.ም. ያስጻፈው መጽሐፍ ለዓለም ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ በእርሱ ዘመን ከሩቅ አገር ወሬ መላክም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ያላዩት አገር በሚመጣው ዓመት ሊታይ ይችላል፤ ያልተጠየቀ ወላጅ ግን በሚመጣው ዓመት ላይገኝ ይችላል። መንገደኛ የጉዞውን ዕቅድ ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ገልብጦ ያስባል፤ ተራራው የሚወጣበት ወር እንዳያልፍበት ይሰጋል፤ እናቱ ግን ሁልጊዜ በቤትዋ የምትገኝ ይመስለዋል። ተራራውን ለወቅቱ ጠብቆ፣ እናቱን ለትርፍ ቀን ያቆያታል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ታዲያ ጥየቃ ስንት ቀን ሊሆን ይገባዋል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት ታሪኮችን እንመልከት። የመጀመሪያው የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና የእኅቱ የማክሪና ታሪክ ነው። ጎርጎርዮስ በንጉሥ ዋሌንስ ዘመን ከመንበሩ ተሰዶ ብዙ ስለ ተንከራተተ እኅቱን ሳያያት ስምንት ዓመት ያህል አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ379 ዓ.ም. ወንድማቸው ቅዱስ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ፣ በአንጾኪያ ከተደረገው ጉባኤ ሲመለስ ሊጠይቃት ሄደ። በደረሰም ጊዜ ታምማ በመሬት ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ተኝታ አገኛት። እርሱ ስለ ስደቱና ስለ ድካሙ ሊነግራት ጀመረ፤ እርስዋ ግን የተሰጠውን ጸጋና የወላጆቻቸውን ጸሎት እንዳይዘነጋ ገሠጸችው፤ የቤተ ሰባቸውንም ታሪክ ከሕፃንነትዋ ጀምራ ተረከችለት። እርሱም ተናጋሪ መሆኑን ትቶ ሰሚ ሆነ። «ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ» በሚባለው ድርሰቱ ጥያቄ የሚያቀርበው ጎርጎርዮስ፣ መልስ የምትሰጠው ማክሪና ናት። በማግሥቱም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዐረፈች፤ አስቀድማ እንደ ለመነችው እጁን በፊትዋ ላይ ያኖረው እርሱ ነው። የቆዩት ሁለት ቀን ያህል ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ጠያቂው በእውነት ስለ ጠየቀ ያ አጭር ጊዜ ሙሉ ሆነ።

ሁለተኛው የእመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ መሄድ ነው። ዘመድዋ በእርጅናዋ ፀንሳ ስድስተኛ ወርዋ እንደ ሆነ በሰማች ጊዜ ፈጥና ወደ ተራራማው ወደ ይሁዳ አገር ሄደች፤ ሦስት ወር ያህልም ከእርስዋ ጋር ተቀመጠች። ከናዝሬት እስከ ይሁዳ ያለው መንገድ ለእግረኛ የቀናት ጉዞ ሲሆን፣ ወንጌላዊው በመንገድ ምን እንዳየች አንድ ቃል አልጻፈም፤ ወደ ማን እንደ ሄደችና ምን ያህል እንደ ቆየች ግን ጻፈ። በጎርጎርዮስ ታሪክ ሁለት ቀን፣ በዚህኛው ሦስት ወር ሆነ፤ ልዩነቱም የመጣው ከተጠያቂዋ ሁኔታ ነው። እንግዲህ የጥየቃን ዘመን የሚወስነው የመንገደኛው የጉዞ ትኬት ሳይሆን የተጠያቂው ችግርና ፍላጎት ነው።

በእኛ አገር ልማድ ይህን ነገር የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ነገር አለ። እንግዳ በገባ ቀን ቤቱ የቀድሞው ቤት አይደለም፤ ዶሮ ይታረዳል፤ ቡና ይፈላል፤ ደኅናው አልጋ ለእንግዳው ይለቀቃል። «እንዴት ሰነበታችሁ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን» ነው። ይህ ሰላምታ ነው፤ ገና ጥየቃ አይደለም። ወላጆች የልጃቸው ጉዞ እንዳይሰናከል ብለው ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ለግብዣውም የተበደሩትን ብድር አይናገሩም። እውነቱ የሚወጣው እንግድነቱ ሲያበቃና እንግዳው ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ይዞ ሲሄድ፣ ማታም ከሰዎቹ ጋር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሁለተኛውም መልስ ይሰጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ሰምቶ ወደ ተራራው ይሄዳል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ጎራ ማለቱም ካልነበረ ይሻላል፤ እናት ልጅዋን ለአንድ ቀንም ብታየው ደስ ይላታል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ደስ ይላታል። ነገር ግን የእናት ደስታ የልጁን ዕዳ አይሰርዝም። እርስዋ በጥቂቱ ደስ የምትሰኝ መሆንዋ ጥቂት ብቻ ለመስጠት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው «ዘመድ ራሱ መንገደኛውን ያስመርረዋል» የሚል ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ስጦታ የሚቈጥር፣ የመጣውን ሰው የገንዘብ ምንጭ አድርጎ የሚያይ፣ «ቆይ፣ አትሂድ» እያለ የያዘውን ጉዳይ የሚያስተጓጉል ዘመድ አለ። ራጉኤል ጦብያን የያዘው በፍቅር ነበር፤ ሆኖም ያ ፍቅር በሌላ ቤት የሚጠብቁትን ሰዎች እንባ ያበዛ ነበር። ራጉኤል የተመሰገነው በመጨረሻ መርቆ ስላሰናበተው ነው። ስለዚህ መንገደኛው የመጠየቅ ግዴታ እንዳለበት ሁሉ ተጠያቂውም በደስታ የመሸኘት ግዴታ አለበት።

ከእነዚህም የተለዩ ሌሎች መንገደኞች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ውል ይዘው የሚሄዱ ስለ ሆነ በፈለጉ ቀን ተነሥተው ወላጆቻቸውን መጠየቅ አይችሉም። ለእነዚህ በስልክ የሚደረገው ጥየቃ፣ ከደመወዛቸውም ቆጥበው የሚልኩት ገንዘብ ታላቅ ጥየቃ ነው። በሌሊት ከሥራ በኋላ ደውላ «እማዬ፣ መድኃኒቱን ዋጥሽው?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ፣ ከእናትዋ አጠገብ ተቀምጦ የራሱን ጉዞ ከሚተርክ ልጅ ይልቅ ቀርባለች። ዕዳው የሚከብደው መሄድም መቆየትም በእጁ በሆነ ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ ለረጅም ጉዞ የሚነሣ ሰው ሊያስባቸው የሚገቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ የመንገዱን ዕቅድ ሲያወጣ አስቀድሞ የዘመዶቹን ቀን ይወስን፤ የተረፈውን ለተራራውና ለባሕሩ ይስጥ። የነገራቸውንም ቀን ይጠብቅ፤ ቀን የሚቈጥር ሰው አንዲት ቀን ስታልፍ ብዙ ይታመማልና። ሁለተኛ፣ እንግድነቱ እስኪያበቃ ይቆይ፤ በቆየበትም ጊዜ ከቤቱ ሥራ አንዱን ይያዝ። ሦስተኛ፣ ያየውን ከመናገሩ በፊት ያላየውን ይጠይቅ። አራተኛ፣ ከመንገድ ለቤቱ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይምጣ፤ ይህም ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተማረው ትዕግሥትና በሌሎች ሰዎች ቤት ያየው ደግነት ሊሆን ይችላል። በባዕድ አገር የማያውቁት ሰዎች በር ከፍተው ያሳደሩት መንገደኛ፣ ያን ደግነት ለገዛ አባቱ ቤት ቢመልስ ጉዞው ከንቱ አልሆነም።

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 በመጨረሻው ፍርድ የሚመሰገኑት ሰዎች ሩቅ ስለ ሄዱ አልተመሰገኑም፤ የታመመውን ስለ ጠየቁና ወደ ታሰረው ስለ ሄዱ ነው እንጂ። ያ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ምናልባት ከመንገደኛው የጉዞ ካርታ ላይ በሁለት ታላላቅ ስፍራዎች መካከል የተቀመጠች፣ የሚታይ ነገር የሌለባት ትንሽ መንደር ትሆናለች።

ሕዝባችን ለሚሄድ ሰው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብሎ ይመርቃል፤ በቤቱ ለሚቀረውም ሰው «ጠያቂ አያሳጣህ» ብሎ ይመርቃል። እነዚህ ሁለት ምርቃቶች የተለያዩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለተኛው ምርቃት የሚፈጸመው በመጀመሪያው በተመረቀው ሰው እግር ነው።